ታቦር ላይ ያልወጣው ሯጭ

ክብሩ ማይክ ሲጨብጥ ሐዋሳ በሙሉ ጸጥ ትላለች። ይህን የሚለው ራሱ ክብሩ ነው፤ በዚያ እሑድ አምልኮ ላይ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም፤ ከሕፃናት ክፍል ሳይቀር የልቅሶ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። ደረቱ ተከፍቶ፣ ልቡ ለሰዓታት ቆሞ፣ የተበላሸው ቫልቭ ወጥቶ በምትኩ ብረት የተገጠመለት ሰው በዚያ መድረክ ላይ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ አንገቱን እንደ ሰጎን አስግጓል።

«ወገኖቼ!» አለ ክብሩ። «ልቤን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አንዱ ሐኪም ያዘው፣ ደከመው። ለሌላው አቀበለው፣ እሱም ደከመው። ‹ይሄ የሰው ልብ ነው ወይስ የበሬ?› ተባባሉ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ክብሩ ደግሞ ሰው ከሳቀለት መጋረጃውን ቀዶ የሚወጣ ሰው ነው።

«የገጠሙልኝ ብረት አውሮፕላን የሚሠራበት ነው። እስቲ ጸጥ በሉ! ይኸው ቀጭ ቀጭ ሲል ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ታዲያ ዛሬ የት ደረስኩ? ሐሙስ ጠዋት ታቦርን በአንድ ትንፋሽ ሮጬ ወጣሁት! የዩኒቨርሲቲ ልጆች ከኋላዬ ‹ጋሼ፣ ኧረ ቀስ!› እያሉ ይለምኑኝ ነበር!»

«ሃሌ ሉያ!» አዳራሹ ተናጋ። ከበሮው ራሱን ችሎ የተመታ እስኪመስል ድረስ እልልታው ቆርቆሮውን አነሣው።

ሐሙስ ጠዋት የሆነው እንዲህ ነው። የምትከታተለው ሐኪም «ተራመድ፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ትንሽ ሩጥ፤ ደግሞ ተራመድ» ብላ ባዘዘችው መሠረት ክብሩ ፍቅር ሐይቅ ወርዶ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው ዱብ ዱብ አለ። ሌላኛው ምሰሶ ጋ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ የሐይቅ ወፍ መላጣ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ሕመምተኛ እንደሚጎበኝ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ ሲያየው ቆየ። ታቦር ተራራ በዚያ ጠዋት ያለበት ቦታ ነበር፤ ክብሩም ከታች ሆኖ በሚገባ አይቶታል።

ከአምልኮ ሲወጡ በር ላይ ፍቅሬ ጠበቀው።

ፍቅሬ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጺ ነው፤ ከክብሩ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። ሁለቱ ለዓመታት ከጠዋት ጸሎት ቀጥለው በሐይቁ ዳር እስከ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ይሮጡ ነበር፤ ክብሩ ከፊት እያወራ፣ ፍቅሬ ከኋላ እየሰማ። ክብሩ አንድ ቀን መንገድ ላይ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ደግፎ ሐኪም ቤት የወሰደው ፍቅሬ ነው። ደረጃውን ወጥተው ሲጨርሱ ግን ከታማሚው ይልቅ ደጋፊው ያለከልክ ነበርና፣ ሐኪሟ ፈገግ ብላ «እስቲ እርስዎም ይምጡ» አለችው። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ ስታሳርፍ ፈገግታዋ ጠፋ። በልጅነት የታመሙት የጉሮሮ ሕመም ተደብቆ ኖሮ የሁለቱንም የልብ በር አበላሽቷል። የፍቅሬ ይብሳል።

ክብሩ ተራው ሲደርስ አዲስ አበባ ሄዶ ታከመ። ፍቅሬ ግን የመጀመሪያ ተራው ሲመጣ ቀረ። «ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ሰንጥቄያለሁ» ይላል። «በመጋዝ የተከፈተ ነገር እንደ ቀድሞው ሲገጥም አላየሁም።» ሚስቱ ታቢታ ለምና ለምና፣ አልቅሳ አልቅሳ መጨረሻ ላይ ተወችው። አሁን ቀዶ ሕክምናውን ሊሠራ ከውጭ የሚመጣው የሐኪሞች ቡድን እንደገና መምጫው ደርሷል፤ ለፍቅሬም ሁለተኛ ጊዜ ተደውሎለታል።

«ክብሩ» አለ ፍቅሬ ትንፋሹን እየቆጠበ። «ታቦርን?»

«በአንድ ትንፋሽ!»

«ስትወርድም ሮጥክ?»

«ስወርድማ በረርኩ!»

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አለ ፍቅሬ። «ለታቢታ ቅድም ነግሬያታለሁ። በምስክርነትህ ነው የምሄደው።»

ታቢታ ከኋላው ሆና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች። መጥታ የክብሩን ትከሻ ሳመች፤ «ወንድሜ፣ ጌታ ዘመንህን ይባርክ» አለችው፤ ሌላ መናገር አልቻለችም።

ከክብሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፦ «ታቦርን አልወጣሁም፣ አንተ ግን ሂድ።» ነገር ግን እጁን ለመጨበጥ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም «የታቦሩ ጀግና» እያለ ትከሻውን ይመታዋል። «ተባረክ!» አለ ክብሩ፤ «ስትመለስ አብረን እንወጣዋለን!»

ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ሚስቱ ሩሀማ እስከ አስፋልቱ ድረስ ታገሠች።

«የትኛው ታቦር ነው?» አለችው። «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው?»

«አንቺ ደግሞ።»

«ሐሙስ ቁርስ ቤት ነው የበላኸው። ምናልባት ተራራው ቤት መጥቶ ከሆነ አላየሁትም።»

«በእምነት ነው የተናገርኩት ሩሂዬ። ነገ የምወጣውን ዛሬ መሰከርኩ። እምነት ማለት ይኸው ነው።»

«ሰውየው በእምነትህ ሊሄድልህ ነው እንግዲህ። ንገረው።»

«ብነግረው ይቀራል።»

«ባትነግረውስ?»

«ይሄዳል። ይድናል። ድኖ ሲመጣ ‹ለምን ዋሸኸኝ› ብሎ ይጣላኝ። የዳነ ፍቅሬ ዕድሜ ልኩን ቢያኮርፈኝ ምን ይጎዳኛል?»

ሩሀማ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ክብሩ ይህን እንደ ድል ቆጠረው፤ እስከ ቤት ድረስም ዝማሬ አንጎራጎረ።

ክብሩ ፒያሳ የስፖርት ጫማ ይሸጣል። ሱቁ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያስቆም ነው፤ እሱ ግን በደቡብ ምድር ከእሱ ጫማ ያልገዛ ሯጭ የለም ብሎ ያምናል። በዚያ ሳምንት ዓርብ ፍቅሬ ወደዚያ ሱቅ መጣ። ሦስት ቦታ አርፎ መድረሱን የጠቆረው ከንፈሩ ይናገራል። ክብሩ በርጩማ አቀረበለት፤ ከላይኛው መደርደሪያም አንድ ነጭ ጫማ አውርዶ ጭኑ ላይ አኖረለት።

«ይሄ ያንተ ነው። ስትመለስ የምታጠልቀው።»

ፍቅሬ ጫማውን አገላብጦ ሶሉን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። እንደ ልማዱ የመገጣጠሚያውን ጥራት ፈተሸ።

«ሰኞ ልንሄድ ነው» አለ። «አንድ ነገር ልለምንህ መጥቼ ነው።»

«ከምድር እስከ ሰማይ ጠይቀኝ!»

«ከመሄዴ በፊት ስትሮጥ ልይህ።»

ክብሩ የጫማ ካርቶኖቹን ማስተካከል ጀመረ።

«አላምንህም ማለቴ አይደለም» አለ ፍቅሬ ፈጠን ብሎ። «እንጨት እንኳ በጥፍሬ ሳልቧጥጥ አልገዛም፣ ልማዴ ነው። ደግሞ ፍርሃቱ ሲመጣብኝ ዓይኔን ጨፍኜ የማየው ነገር ፈለግሁ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስተኙኝ አንተን ስትሮጥ እያየሁ ልተኛ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እንግዲህ እውነት ራሷ እግሯን አጥባ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ንገረኝ እያለች ስትለምን ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይመጣም። ክብሩ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ነገ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ና! አንተ ሻይህን ሳትጨርስ አሞራ ገደል ደርሼ እመለሳለሁ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የክብሩማ በሞተር ዘይትም አይታሽም።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቷል። ፍቅሬ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከታቢታ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሻይ ተቀድቶለታል። ክብሩ ከላይ እስከ ታች ቀይ ለብሶ መጣ፤ ከሩቅ ላየው የእሳት አደጋ መኪና ይመስላል። እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፣ ወገቡን አሽከረከረ፣ ቁርጭምጭሚቱን አፍታታ። የቀረው ነገር ቢኖር የብሔራዊ መዝሙር ብቻ ነው።

ሐኪሟ እንዳዘዘችው ቢሄድ ኖሮ! ዱብ ዱብ ብሎ፣ ተራምዶ፣ ደግሞ ዱብ ዱብ ብሎ ቢመለስ ፍቅሬ የሚያየው የሚሮጥ ሰው ነበር። ያ ይበቃው ነበር። ነገር ግን አራት ዓይን ጀርባው ላይ ተተክሎ ክብሩ ቀስ ማለትን ከየት ይማር? ጅብ እንዳባረረው ተፈተለከ። የመጀመሪያውን ምሰሶ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ጋ የደረቱ ጠባሳ እንደ ተወጠረ ገመድ ጎተተው። ከፊቱ መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ትልቅ ዋርካ አለ፤ እሷን ካለፈ ከፍቅሬ ዓይን ይሰወራል፣ ተደብቆ አርፎ ይመለሳል። ዋርካዋ ግን የምትሸሸው መሰለው። ብረቱ ጆሮው ውስጥ ይንኳኳል። ቆመ፤ ጎንበስ አለ፤ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀይ ልብሱን እንደ ለበሰ ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘረጋ።

ፍቅሬ መሮጥ የተከለከለ ሰው ነው። መጣ። ግማሽ መንገድ ሮጦ፣ ግማሹን ተጎትቶ መጣ፤ አጠገቡም ሲደርስ ተንበረከከ። ሁለቱ ጎን ለጎን እንደ ወናፍ ሲተነፍሱ ታቢታ ደረሰች።

«የትኛችሁን ልያዝ?» ብላ ጮኸች። «ኧረ የትኛችሁን ልያዝ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም ይሥቁበት ነበር።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ፍቅሬ ሐይቁን እያየ «ታቦርን አልወጣህም» አለ።

«አልወጣሁም።»

«ሐሙስ ምን ሆነ?»

«ከአንድ ምሰሶ እስከ ሌላው ሮጥኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ።»

ፍቅሬ ራሱን ነቀነቀ፤ የጠረጠረውን እንጨት ሰንጥቆ ብል ያገኘ ይመስላል። «እንግዲህ ደረት ተከፍቶ የሚገኘው ይኸው ነው።»

«አይደለም! ስማኝ ፍቅሬ!» ክብሩ ክርኑን ተደግፎ ተነሣ። «በጀርባዬ ተጋድሜ እተኛለሁ። ታውቃለህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በትራስ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። አሁን እንደ ሰው እተኛለሁ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ከቤት እስከ ሱቅ ሳላርፍ እሄዳለሁ። ሐኪሟ ቀስ ብለህ ከያዝከው እንደ ድሮህ ትሮጣለህ ብላኛለች። ዛሬ የጣለኝ ልቤ አይደለም፤ ጉራዬ ነው።»

ከዚህ ውስጥ አንዲት ጭማሪ አልነበረችም። ክብሩ ዕድሜውን ሙሉ ካወራው ሁሉ ይህ ብቻ ምንም ሳይነካ እንዳለ የወጣ ነው። መድረክ ላይ ያልተናገረውም ትንሽ መስሎት ነበር፤ ተኝቶ ማደር ምን ምስክርነት ይሆናል ብሎ። ፍቅሬ ግን በዚያ ሰሞን ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ የሚያነጋ ሰው ነው። «ተጋድሜ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ታቢታ አየችው፤ ክብሩም አየው።

ከዚያ ጠፋ።

«ይሄንንም እንደ ታቦሩ ብትነግረኝስ?» አለ ፍቅሬ በለሰለሰ ድምፅ። ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ክብሩ፣ አልፈርድብህም። ግን አሁን የትኛውን ይዤ ልሂድ?»

በማግሥቱ ክብሩ ማይክ ለምኖ ወጣ። «ወገኖቼ፣ ታቦርን አልወጣሁም» አለ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ፤ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ይሆናል ያለም ነበር። «እውነቴን ነው!» ሲል ሣቁ ባሰ፤ አንድ ሽማግሌ «ትሕትና ይሉሃል ይሄ ነው» ብለው አጨበጨቡ። ፍቅሬ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ክብሩ ሩሀማን ይዞ ቤቱ ሄደ። ሩሀማም መሰከረች፤ ተጋድሞ እንደሚተኛ፣ እንዲያውም ማንኮራፋቱ ጎረቤት እንደሚቀሰቅስ ተናገረች። ፍቅሬ በአክብሮት ሰማት፤ ለስላሳ አስቀዳላት።

«ሩሀማ ሚስትህ ናት» አለ ሲሸኛቸው። «ምን ትበል?»

ሰኞ መኪናው ያለ ፍቅሬ ሄደ። ተራው ለአንዲት ሌላ ሕመምተኛ ተሰጠ፤ ለዚያችም መልካም ሆነላት ይባላል።

ክረምቱ ሲያልፍ ፍቅሬ በገዛ አፉ «እሺ፣ ውሰዱኝ» አለ። ያሳመነው ምክንያት ኖሮ አልነበረም፤ ደክሞት ነው። ከታቢታ ጋር ይዘውት አዲስ አበባ ሄዱ። ሐኪሞቹ ደጋግመው መረመሩት፤ የሳንባው የደም ግፊት ከፍ ማለቱን፣ የልቡ ጡንቻ መዛሉን፣ ከእንግዲህ ቢላዋው ራሱ ሊገድለው እንደሚችል ነገሯቸው። መድኃኒት ጨምረው ወደ ሐዋሳ መለሱት። በዚያን ሰኞ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ የጠየቀ የለም፤ የሚያውቅም የለም። ታቢታ ክብሩን አንድም ቀን አልወቀሰችውም። ወደ ቤት ሲመጣ «ግባ ወንድሜ» ትለዋለች፣ ወንበር ትስብለታለች፣ የሩሀማን ደኅንነት ትጠይቀዋለች። እሱ ግን ፊቷን ማየት አቅቶት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ክብሩ ሩጫውን እንደ ገና ጀመረ። በዚህ ጊዜ ሐኪሟ እንዳለችው ነው፤ ከአንዱ ምሰሶ እስከ ሌላው፣ መራመድ፣ ደግሞ እንደ ገና። የደም ማቅጠኛ ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፣ ደሙን በቀጠሮው ያስመረምራል። ቀዩን ልብስ ለሰው ሰጠው፤ ያረጀች ግራጫ ካናቴራ አደረገ። ሱቁ የሚመጡ ሰዎች «የታቦሩ ጀግና፣ እንዴት ነው?» ሲሉት «ደኅና ነኝ» ብሎ ቁጥራቸውን ይጠይቃል፤ የጫማቸውን። ሰዎቹ ምን ነክቶት ነው ይላሉ። ፒያሳ ውስጥ የክብሩን ዝምታ የሚያህል ወሬ በዚያ ዓመት አልነበረም።

በበጋው አንድ ጠዋት ከፍቅር ሐይቅ ተነሥቶ አሞራ ገደል ድረስ ሮጠ። ሳይቆም። ዋርካዋን መቼ እንዳለፋት እንኳ ልብ አላለም። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። ትንፋሹ እንደ ልጅነቱ ይመላለሳል፣ እግሩ ይታዘዘዋል። ክብሩ ለሰው ሊናገር ዞር አለ። ያየው የለም። ሊነግረው የሚፈልገውም ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ሲመለስ በፍቅሬ ሰፈር በኩል ሮጦ መጣ። በሩ ሳይደርስ፣ አጥሩ ጥግ ጋ ሲሆን ቆመ። ፊቱን በካናቴራው ጠረገ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ከዚያ ሽንኩርት ሊገዛ እንደ ወጣ ሰው ቀስ ብሎ እየተራመደ ገባ። ፍቅሬ በረንዳው ላይ ራሱ በሠራው ባለ መደገፊያ ወንበር ተቀምጧል። ያበጡ እግሮቹ በርጩማ ላይ ናቸው።

«ሮጠህ መጣህ» አለ።

«አይ፣ በእግሬ ነው።»

«ካናቴራህ ውሃ ሆኗል።»

«ፀሐዩ።»

«በዚህ ጠዋት?» ፍቅሬ ሊሥቅ ጀምሮ ሳል አቋረጠው። ሳሉ ሲለቀው «እስከ የት ደረስክ?» አለ።

አሞራ ገደል። ሁለት ቃል ነው፣ ቅንጣት ያልተጨመረበት። ክብሩ ምላሱ ላይ ይዞት የፍቅሬን እግሮች አየ።

«ምን ደረስኩ» አለ። «እዚህ ጥግ ድረስ ነው። ደከመኝና ተመለስኩ።»

«ውሸታም» አለው ፍቅሬ።

ታቢታ ክኒኑን በትንሽ ሰሐን፣ ውሃውን በብርጭቆ ይዛ ወጣች። ክብሩ ብርጭቆውን ተቀብሎ ፍቅሬ እስኪውጥ ያዘለት። ስለ እንጨት ዋጋ አወሩ፣ ስለ ዓሣው መጥፋት አወሩ። ሊሄድ ሲነሣ ፍቅሬ በካናቴራው ጫፍ ያዘው።

«ነገም በዚህ በኩል እለፍ።»

«እሺ።»

«ጥጉ ጋ ግን አትቁም። ኮቴህ ከሩቅ ይሰማኛል። ደስ ብሎኝ ስከተለው ድንገት ይቆማል፤ ያናድደኛል። ሩጥና እለፍ።»

«እሺ» አለ ክብሩ።

በማግሥቱ እንደ ተባለው መጣ። ጥጉ ጋ ደረሰ። ትንፋሹ አልጎደለም፤ ሐይቁን ዞሮ ለመምጣት የሚበቃ ጉልበት እግሩ ውስጥ ነበረው። በርጩማው ላይ ያሉት ያበጡ እግሮች ታወሱት፤ ቆመ፤ ላቡን ጠረገ፤ ድምፅ እንዳያሰማ ሣር ሣሩን እየረገጠ በፍቅሬ በር በኩል ተራምዶ አለፈ።